በእግሩ የወጣው ሰው፦ ባቡር መኪናን ሲገጭ ሰውነት ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት

የመነሻ ጽሑፍ

ጥያቄውን ለኢንተርኔት መድረኩ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ምላሾቹንም በተራ ቁጥራቸው እየተከተልኩ እዚህ የምተርካቸው ክሩ (የምላሾቹ ሰንሰለት) ከመርዘሙ የተነሣ ቁም ነገሩ በጭቅጭቅ መካከል ተቀብሮ እንዳይቀር ብዬ ነው። በቴክሳስ ከባድ መኪና ከነተሳቢው የምነዳ ሰው ነኝ። የእህቴ ባለቤት ከሥራ ሲመለስ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ መብራትም ማገጃ ክንድም በሌለበት፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ምልክት ብቻ በቆመበት የገጠር ማቋረጫ ላይ አንድ የጭነት ባቡር መኪናውን በሹፌሩ በኩል፣ ከኋላው ጎማ ላይ መታው። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተሽከርክራ ከሐዲዱ ጎን ያለ ቦይ ውስጥ ገባች። እሱ ግን በሌላው በር ወጥቶ በእግሩ ቆመ፤ ፖሊስ ሲመጣ መንጃ ፈቃዱን በገዛ እጁ አውጥቶ ሰጠ፤ የመጣለትንም አምቡላንስ፣ የሚከተለውን ሂሳብ ፈርቶ፣ ደህና መሆኑን በፊርማው አረጋግጦ መለሰው። በማግስቱ ሥራ ገባ፤ በሁለተኛውም ቀን ገባ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እህቴ ቡና ቀድታ ሳትሰጠው ላብ አጠመቀውና ከወንበሩ ተንሸራተተ። ሆስፒታል ሲደርስ ጣፊያው ተቀዶ ሆዱ በደም ተሞልቶ ነበር። ወዲያው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ጣፊያው ወጣ፤ ነፍሱም ተረፈች።

ለመድረኩ ያቀረብኩት ጥያቄ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ባቡር የመታው ሰው እንዴት ሁለት ቀን ሙሉ ቆሞ ሊሄድ ቻለ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ እህቴ ከዚያች ቀን ወዲህ ትልቅ ፒክአፕ ካልተገዛ ብላ ስለተነሣች፣ የመኪና ግዝፈት ከባቡር ያድናል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛውን ስጽፍ መልሱ አዎ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ።

1ኛ ምላሽ። የመጀመሪያዋ መላሽ በዕድሜ የገፉ እናት እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ይታወቅ ነበር። ፈጣሪ ፈጽሞ እንዲምረው ተመኝተው፣ እህቴን እንዳላስጨንቃት መከሩኝ። ስለ ጥያቄዎቼ ምንም አላሉም፤ ሆኖም ከ20 በላይ በሆኑት ምላሾች ውስጥ እህቴን ያስታወሷት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን በኋላ ነው ያስተዋልኩት።

2ኛ ምላሽ። በድንገተኛ ክፍል ለብዙ ዓመታት የሠራች፣ በሜሪላንድ የምትኖር ነርስ የመጀመሪያውን ጥያቄ በትዕግሥት ዘርዝራ መለሰች። እንደ እርሷ ገለጻ፣ ጣፊያ በግራ ጎን ከ9ኛው እስከ 11ኛው የጎድን አጥንት ሥር የተደበቀ፣ ደም የሞላበትና በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ለስላሳ ብልት ነው። በዚህ አገር ሹፌር የሚቀመጠው በግራ ስለሆነ፣ ከግራ የሚመጣ ምት በሩን በቀጥታ ወደ ጎኑ ይገፋዋል። ጣፊያው ሲሰነጠቅ ደሙ ወዲያው ወደ ሆድ ላይፈስ ይችላል፤ ሽፋኑ አምቆ ይይዘውና ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ሰውየው ዕቃ ሲያነሣ ወይም ሲያስነጥስ ይተረተራል። በአደጋው ሰዓት የሚለቀቀው አድሬናሊን ደግሞ ሕመሙን ስለሚደብቀው ሰው ደህና የሆነ ይመስለዋል፤ ደህና ነኝ ማለቱም ውሸት ሳይሆን የተሰማውን መናገሩ ነው።

ከዚያም በእነዚያ ሁለት ቀናት የግራ ትከሻውን አሞት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ሲቆጠቁጠው፣ የዚያ ጡንቻ ነርቭ ከትከሻ ነርቭ ጋር ከአንገት አጥንቶች መካከል በአንድ ሥር ስለሚወጣ፣ አንጎል ሕመሙን ከትከሻ የመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። እህቴን ደውዬ ስጠይቃት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ለካ በሁለቱም ሌሊት ትከሻውን በቅባት ስታሸው ነበር የምታድረው።

3ኛ ምላሽ። ይህ ሰው ርኅራኄ የሚባል ነገር አላስቀደመም። በአሜሪካ በየዓመቱ ወደ 2,000 የሚጠጉ ግጭቶች በባቡር ማቋረጫዎች ላይ እንደሚደርሱና ከ200 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ከጠቀሰ በኋላ፣ ከግጭቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መብራት ወይም ማገጃ ባለባቸው ማቋረጫዎች ላይ የሚደርሱ መሆናቸውን አስታወሰ። ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ሰው አያሳድድም፤ ስለዚህ ስለ ጣፊያ ከመወያየት በፊት የእህቴ ባለቤት በዚያች ደቂቃ ምን ያደርግ እንደነበር ሊጠየቅ ይገባል የሚል ነበር ክርክሩ። ስልክ እየነካካ እንደነበረም ያለ አንዳች ማስረጃ ደመደመ። ተናድጄ የጻፍኩትን መልስ ሳልልከው አጠፋሁት።

4ኛ ምላሽ። ፊዚክስ ያስተምር እንደነበር የገለጸ ሰው (ከዚህ በኋላ ሁሉም መምህር እያለ ነው የጠራው) 3ኛውን ምላሽ ሰጪ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎት ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬ ገባ። ስሌቱን በራሱ ቃል ሳይሆን በእኔ አረዳድ ላቅርበው። 6,000 ቶን የሚመዝን የጭነት ባቡር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ 1.5 ቶን የምትመዝን መኪናን በመሐሏ ቢመታና ይዟት ቢሄድ፣ ከግጭቱ በኋላ የሁለቱ የጋራ ፍጥነት በሰዓት 79.98 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መኪናዋ በ3 ቶን ፒክአፕ ብትተካ ፍጥነቱ 79.96 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሰዓት 20 ሜትር ብቻ ነው፤ ኤሊ እንኳ ከዚህ ፈጥና ትሄዳለች። ባቡሩ መኪና መግጨቱን በፍጥነቱ አያውቀውም ማለት ይቻላል፤ የመኪናዋ ተሳፋሪ ግን ከቆመበት ተነሥቶ በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ጊዜ ውስጥ የባቡሩን ፍጥነት ይዛል፤ ይህም ከገዛ ክብደቱ 22 እጥፍ በሆነ ኃይል መገፋት ማለት ነው።

መምህሩ በዚህ ላይ የጨመረው ነገር ከስሌቱ ይልቅ አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። መኪና ከፊት ሲመታ ከአንድ ሜትር ያላነሰ ሞተርና ብረት እየተጨማደደ ምቱን ይቀበላል፤ ከጎን ሲመታ ግን በሰውየው ዳሌና በሎኮሞቲቩ መካከል ያለው አንድ ላሜራ፣ መስተዋትና ጥቂት ፕላስቲክ ነው። ኤርባጉም ቢሆን የተሠራው ለመኪና ምት እንጂ ለዚህ አይደለም። የእህቴ ባለቤት የተረፈው ምቱ ከመቀመጫው ኋላ ስላረፈና መኪናዋ ተይዛ ከመነዳት ይልቅ ተሽከርክራ ስለተወረወረች ነው። ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ክር አይከፈትም ነበር።

5ኛ ምላሽ። እንደ እኔ ከባድ መኪና የሚነዳ ወንድም በስሌቱ አልተዋጠለትም። በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ሙሉ ክብደት 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም 36 ቶን ገደማ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ መኪና ከቤት መኪና ጋር መነጻጸር እንደሌለበት አጥብቆ ተከራከረ። ለማስረጃም የሥራ ባልደረባውን ታሪክ አመጣ፤ ተሳቢው በሐዲዱ ላይ እንዳለ ባቡር መጥቶ ለሁለት ቆረጠው፣ ባልደረባው ግን ጋቢናው ውስጥ እንደተቀመጠ አንድ ጭረት እንኳ ሳያገኘው ቀረ። መምህር የተባሉት ሰው ወረቀት ላይ እንጂ መንገድ ላይ እንዳልዋሉም በሽሙጥ አከለበት።

6ኛ ምላሽ። መምህሩ ሽሙጡን ሳይመልስ ስሌቱን በ36 ቶን ሠራው፤ ፍጥነቱ 79.5 ሆነ። ባልደረባው የዳነው መኪናው ስለከበደ ሳይሆን ተሳቢው ከጋቢናው ጋር የተያያዘበት መጋጠሚያ ስለተላቀቀና እሱ ራሱ ከሐዲዱ ስላለፈ መሆኑን፣ ምቱ ጋቢናው ላይ ቢሆን ኖሮ ክብደቱ ምንም እንደማይጠቅመው አስረዳ። ይሁን እንጂ የከባድ መኪና ክብደት በሌላ በኩል ትርጉም እንዳለው፣ እሱም ለባቡሩ ተሳፋሪዎች መሆኑን አመነ።

በዚህ ላይ ያነሣው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በጁን 27 ቀን 2022 በሚዙሪ ግዛት በሜንደን አቅራቢያ የደረሰው ነበር። መብራትም ማገጃም በሌለበት፣ ዳገት በሆነና ሐዲዱን በሰያፍ በሚያቋርጥ የጥርጊያ መንገድ ላይ የመንገደኞች ባቡር በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር እየበረረ ገልባጭ መኪና መታ። ሎኮሞቲቮቹና 8ቱም ተሳቢዎች ከሐዲዱ ወጡ፤ የገልባጩን ሹፌር ጨምሮ 4 ሰዎች ሞቱ፣ 150 ያህል ሰዎች ተጎዱ። በባቡር ላይ የደህንነት ቀበቶ ስለሌለ፣ ፉርጎው በጎኑ ሲወድቅ በአንድ ወገን የተቀመጡት በሌላው ወገን ባሉት ላይ ይወድቃሉ። የተሰበረ የጎድን አጥንት፣ የተወጋ ሳንባና የአንገት ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። 5ኛው ምላሽ ሰጪ ከዚህ በኋላ ስለ ክብደት አላነሣም፤ በዝምታው ያመነ ይመስለኛል።

7ኛ ምላሽ። ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ፣ አሁንም እዚያው ያሉ አዛውንት ጨዋታውን ወደ አገር ቤት ወሰዱት። በልጅነታቸው የፈረንሳዮቹ ባቡር ከለገሃር ተነሥቶ ሲመጣ ልጆች ከጎኑ እየሮጡ ይሸኙት እንደነበር፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ድምፁ ሳይሰማ እንደሚደርስ፣ ግመሎችና ከብቶችም ስለዚህ እንደሚያልቁ ጻፉ። ከዚያም በ1977 ዓ.ም. አዋሽ ላይ የደረሰውን አነሡና፣ ባቡር ሲጋጭ ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚፈልግ ከዚያ ይማር ሲሉ ደመደሙ። ጽሑፋቸው ረጅም ነበር፤ በውስጡ ስለ ድሬዳዋ ሸመታና ስለ ሳቢያን ሰፈር ጭምር ነበረበት፤ ማንም ግን ይቁረጡ አላላቸውም።

8ኛ ምላሽ። አንድ ወጣት ጋሼ ብሎ በአክብሮት ከጀመረ በኋላ አረማቸው። በጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ የሆነው ባቡሩ በኩርባ ላይ ከድልድዩ ወደ ገደል መውደቁ ነበር እንጂ ከመኪና ጋር መጋጨት አልነበረም። 428 ሰዎች ያለቁበት፣ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች መካከል እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ እንዳልሆነም ገለጸ፤ ከከፍታ የሚወድቅ ፉርጎ በውስጡ ያሉትን ሁሉ ሲደቁስ፣ በማቋረጫ ላይ የሚደርስ ግጭት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው የመኪናውን ሰው ነው። አዛውንቱም እርማቱን ተቀብለው መረቁት። በዚህ ክር ውስጥ እርማት በምርቃት የተመለሰው በዚህ ቦታ ብቻ ነው።

9ኛ እና 10ኛ ምላሾች። እነዚህ ሁለቱ በአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ላይ ተጨቃጨቁ። አንዱ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር አብዛኛው መስመሩ በአጥርና በድልድይ ከመኪና ስለተለየ የኛ ጉዳይ አይመለከተውም አለ፤ ሌላው ደግሞ አጥሩን ጥሰው ሐዲዱ ላይ የተገኙ መኪናዎችን በዓይኑ ማየቱን ጽፎ ተከራከረ። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል፤ ጭቅጭቁ ግን ወደ ታክሲ ሰልፍ ስለተሻገረ አልፌዋለሁ።

11ኛ ምላሽ። ነርሷ ተመልሳ ከዚያ ጭቅጭቅ አንድ ጠቃሚ ነገር መዘዘች። የቀላል ባቡሩ ሽቦ 750 ቮልት፣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ደግሞ 25,000 ቮልት ተሸካሚ ስለሆነ፣ ከግጭት በኋላ የተበጠሰ ሽቦ መኪናውን ነክቶ ከሆነ ለመርዳት የሚሮጠው ሰው መጀመሪያ የሚሞተው ሊሆን ይችላል። እሳት ካልተነሣ በስተቀር በውስጥ ያለው ሰው ባለበት እንዲቆይ፣ ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ድረስም ማንም እንዳይጠጋ መከረች። ሽቦ በሌለበት ቦታም ቢሆን በተጨማደደ መኪና ውስጥ ያለን ሰው በክንዱ ጎትቶ ማውጣት የተሰነጠቀ የአንገት አጥንት ሕብለ ሠረሠርን እንዲበጥስ ሊያደርግ ይችላል። ባለሙያ እስኪደርስ ራሱን በሁለት እጅ ደግፎ ማቆየት፣ የሚፈስ ደም ካለ ጨርቅ አድርጎ አጥብቆ መጫን፣ ማነጋገርም ይበቃል። በአገራችን የተጎዳን ሰው ተሸክሞ ወደ ሐኪም መሮጥ የደግነት ምልክት በመሆኑ ይህ ምክሯ ለብዙዎች እንደ ጭካኔ ሳይሰማቸው አልቀረም፤ 12ኛው ምላሽም ይህንኑ በቁጣ ገልጿል። አምቡላንስ በማይደርስበት አገር ቆሞ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃት። ነርሷም ጥያቄው ትክክል መሆኑን አምና፣ ማንሣት ግድ ከሆነ ቢያንስ አራት ሰው ሆኖ፣ አንገትና ወገብ ሳይታጠፉ፣ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ እንዲሆን ጻፈች።

13ኛ ምላሽ። ከእስራኤል የጻፈች እህት፣ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ በመጡበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በጁን 11 ቀን 1985 በሃቦኒም አቅራቢያ ባቡር የተማሪዎች አውቶቡስ ገጭቶ 19 ሕፃናትን ጨምሮ 22 ሰዎች መሞታቸውን አነሣች። እስከ ዛሬ አውቶቡስ ይዛ ወደ ማቋረጫ በቀረበች ቁጥር፣ ማንም ባይጠይቃትም፣ መስኮቱን ከፍታ እንደምታዳምጥ ጻፈች።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። በዚህ አገር መንገደኛ የጫነ አውቶቡስና አደገኛ ጭነት የያዘ ቦቴ ከሐዲዱ ከ15 እስከ 50 ጫማ ርቀት ላይ ቆሞ አይቶና አዳምጦ እንዲያልፍ፣ ሐዲዱ ላይ እያለም ማርሽ እንዳይቀይር ሕጉ ያዝዛል። የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የማቋረጫ ደንብ ሲጥስ ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ ቢሆን ቢያንስ ለ60 ቀን ከመንዳት ይታገዳል። እኔ ራሴ ይህን ፈተና ላይ ሸምድጄ አልፌዋለሁ፤ የምፈራውም እገዳውን እንጂ ባቡሩን አልነበረም።

14ኛ ምላሽ። ይህ ምላሽ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥብኛል። ጸሐፊው በአንድ የጭነት ባቡር ላይ ከነጂው ጋር የሚጓዝ ረዳት ነው። ከማቋረጫ 15 ወይም 20 ሰከንድ ሲቀር ጡሩምባው ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ሆኖ እንደሚነፋ፣ መብራት ባለበት ማቋረጫም መብራቱ ባቡሩ ከመድረሱ ቢያንስ 20 ሰከንድ አስቀድሞ መብራት እንዳለበት አስረዳ። መኪና ሐዲዱ ላይ ሲታይ ነጂው የአደጋ ፍሬን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ግን በዚያ ጋቢና ውስጥ ላሉት ሁለት ሰዎች የሚሠራ ሥራ አይኖርም። መሪ የለም፣ የሚዞርበት የለም። በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ረጅም የጭነት ባቡር ለመቆም ከ1.6 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የመኪናው ሹፌር ቀና ብሎ ያያቸዋል፤ እነሱም ያዩታል።

ባቡሩ ከቆመ በኋላ ረዳቱ የእጅ ባትሪውን ይዞ በሐዲዱ ጎን ወደ ኋላ ይሄዳል። በሥራ ዘመኑ ይህን መንገድ ሦስት ጊዜ ሄዶታል። አንዴ ባዶ መኪና አገኘ፤ አንዴ ደግሞ ያገኘውን ሊጽፈው እንዳልፈቀደ ገለጸ። በሦስተኛው ጊዜ አንዲት ሴት በቦዩ ዳር ተቀምጣ ጫማዋን እየፈለገች አገኛት፤ ደህና መሆኗን ነገረችው፣ እሱም አምኗት ውሃ ሰጣት። የሞተችው ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ ነበር። ነርሷ በ2ኛው ምላሽ የጻፈችውን ካነበበ በኋላ ያንን ውሃ ስለመስጠቱ ማሰብ ማቆም እንዳልቻለ፣ ነገር ግን ለሌላው ይጠቅማል ብሎ እንዳሰፈረው አስረዳ። በዛሬ ጊዜ እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት የባቡር ሠራተኛ ከጠየቀ ለቀሪው ፈረቃ ከሥራ እንዲነሣ ደንቡ እንደሚፈቅድለትም ጠቀሰ፤ ብዙዎቹ ግን አይጠይቁም።

በመጨረሻም ለ3ኛው ሰው አንድ ቃል ነበረው። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ከጋቢናው ውስጥ ሆኖ አያውቀውም፤ ማወቁም እንቅልፉን አልመለሰለትም።

15ኛ ምላሽ። ነርሷ ለረዳቱ ብቻ መለሰች። ከደረት ውስጥ ዋናው የደም ቅዳ ቧንቧ ከልብ ወጥቶ በሚታጠፍበት ቦታ ግማሹ ከአከርካሪው ጋር ተጣብቆ፣ ግማሹ ነፃ ሆኖ ስለሚንጠለጠል፣ ሰውነት በጎን በድንገት ሲገፋ የሚቀደደው በዚያ መጋጠሚያ ነው። አብዛኞቹ በቦታው ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን የቧንቧው የውጭ ሽፋን ለጊዜው ደግፏቸው ያወራሉ። ውሃ ባይሰጣትም ኖሮ በባትሪ ብርሃን የሚለይ፣ በእጅ የሚቆም ደም አልነበረም። ጽሑፏ አጭር ነበር፤ ከእሷም የጠበቅኩት ከዚህ በላይ አልነበረም።

16ኛ ምላሽ። 3ኛው ሰው ተመልሶ፣ በለዘበ ቃል ቢሆንም፣ ያንኑ ጥያቄ ደገመ። ሁሉም ስለ ሕመም ሲያወራ ማንም ስለ ምክንያቱ እንዳልጠየቀ፣ መልስ የሚገባው ከእኔ መሆኑንም አስታወሰኝ። በዚህ ጊዜ ልክ ነበር።

17ኛ ምላሽ። ይህ የራሴ ነው። የእህቴ ባለቤት በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ የነገረኝን በመነሻ ጽሑፌ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። ስልክ አልያዘም። ጡሩምባውን ሰምቷል፤ የባቡሩንም መብራት አይቷል፤ ባቡሩ ግን ሩቅና ዝግ ያለ መስሎት እንደሚያልፍ አስቦ ነበር። ይህን መደበቄ ስለ እሱ አፍሬ እንደሆነ ጻፍኩ። መምህሩ በ18ኛው ምላሽ አስከትሎ፣ ግዙፍ ነገር ከትንሽ ነገር ይልቅ ቀስ ብሎ የሚሄድ መስሎ መታየቱ የታወቀ የዓይን ስሕተት መሆኑን፣ ባቡር ደግሞ ፊት ለፊት ሲመጣ ወደ ጎን ስለማይንቀሳቀስ፣ በተለይም በጨለማ የሚታየው መብራቱ ብቻ ስለሚሆን፣ ዓይን ፍጥነቱን የሚለካበት ነገር እንደሚያጣ አስረዳ። 3ኛው ሰው ከዚያ በኋላ የጻፈው ለሕመምተኛው መልካም ጤና መመኘቱን ብቻ ነው።

19ኛ ምላሽ። መኪናው ሐዲድ ላይ ሞቶ ባቡር ቢመጣ በሐዲዱ ጎን ባቡሩ በሚሄድበት አቅጣጫ መሮጥ እንደሚሻል አንድ ሰው በሙሉ ልብ መከረ። በ20ኛው ምላሽ ረዳቱ ፈጥኖ አረመው፤ የሚያስፈልገው ከሐዲዱ እየራቁ ባቡሩ ወደሚመጣበት በኩል በሰያፍ መሮጥ ነው፤ ምክንያቱም የተመታው መኪናና ስብርባሪው የሚወረወሩት ባቡሩ ወደሚሄድበት ነው። ባቡሩ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ስለሚወጣም ከሐዲዱ መውረድ ብቻ አይበቃም። በማገጃ ክንዶች መካከል የታሰረ ሹፌር ክንዱን ሰብሮ ማለፍ እንዳለበት፣ ክንዱም እንዲሰበር ሆኖ የተሠራ መሆኑን ጨመረ። ባቡር ገና ካልታየ ደግሞ በማቋረጫው ምሰሶ ላይ ባለው ሰማያዊ ሰሌዳ የተጻፈውን ስልክ ደውሎ የማቋረጫውን ቁጥር መንገር ባቡሮቹን ሊያስቆም ይችላል። ስንት ዓመት በዚህ አገር መንገድ ላይ ስኖር ያንን ሰማያዊ ሰሌዳ አንድም ቀን ልብ ብዬ አንብቤው እንደማላውቅ ሳስብ እጄን ከመሪው ላይ ማንሣት አሰኘኝ።

21ኛ እና 22ኛ ምላሾች ስለ ጠበቃና ስለ ካሣ ነበሩ፤ አንዱ ስልክ ቁጥር ስላስቀመጠ የመድረኩ አስተዳዳሪ ሰረዛቸው።

23ኛ ምላሽ። ነርሷ ክሩን ወደ ቦታው መልሳ፣ ከእንዲህ ያለ ግጭት በእግሩ የወጣ ሰው ያለ ሲቲ ስካንና ያለ ጥቂት ሰዓታት ክትትል ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ለመነች። በደረትና በሆድ ላይ የቀበቶው ቅርጽ ጠቁሮ ከታየ፣ ሲቆም ካዞረው፣ ሆዱ ከጠነከረ፣ ትከሻው ካመመው፣ ሽንቱ ከቀላ፣ ወይም ንግግሩ ከተንተባተበ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን በተለይ ራሳቸውን የተመቱ እንደሆነ፣ ደሙ በአንጎላቸው ሽፋን ሥር ለቀናት ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። ስለ አምቡላንስ ሂሳብ የጻፈችው ግን መሐል ላይ የቆመ ነበር፤ ሂሳቡ በክፍያ ውል ሊከፋፈል እንደሚችል ጀምራ፣ ይህን ፍርሃት ራሷም በመጣችበት ዓመት ታውቀው እንደነበር ጠቅሳ ተወችው።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ጣፊያው የወጣለት ሰው ከአንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚከላከልለትን ብልት ስላጣ፣ ለሳንባ ምችና ለማጅራት ገትር መንሥኤ ለሆኑት ክትባት ሊሰጠው፣ ከእንግዲህም ትኩሳት በተሰማው ጊዜ ሁሉ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ሐኪም ጋር ሊሄድ ይገባዋል። ስንቱን ክትባት ወሰደ የሚል ነበር ጥያቄዋ።

24ኛ ምላሽ። እህቴ ጋ ደወልኩ። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀት ፈልጋ ስታጣ ቆይታ፣ በመጨረሻ በኩሽና መሳቢያ ውስጥ፣ ከፒክአፕ ሻጩ ማስታወቂያ ሥር ተጣጥፎ አገኘችው። የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች ተሰጥተውታል፤ የቀሪው ቀጠሮ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ሰኞ ጠዋት ራሷ ይዛው እንደምትሄድ ነገረችኝ፤ ይህንኑ ለነርሷ ጽፌ ክሩን ዘጋሁት።